ጀርባው ያልተነሳ ካርድ

ይህ ታሪክ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። ጀግና የለበትም፤ የተሳካ ነገርም የለበትም። ስለ አንድ ካርድ ነው፤ ካርዱም ዛሬ የለም። ዘንድሮ በማታው ክፍለ ጊዜ የቤተ መጻሕፍት ሳይንስ አንደኛ ዓመት ተማሪ ሆኜ ስገባ፣ መምህራችን ቀደም ብለን ሥራ የያዝነው ተማሪዎች በሥራችን ያየነውን ለወጣቶቹ እንድንጽፍላቸው አዘዙን። ብዙዎቹ ስለ ትልልቅ ቤተ መጻሕፍት ጻፉ። እኔ የማውቀው የአንድ የዕርዳታ ድርጅት መዝገብ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ እሱን ሳልጨምርና ሳልቀንስ ለመጻፍ እሞክራለሁ።

ሥራ የጀመርኩት ጥቅምት 1984 ዓ.ም. ነው። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨርሼ ውጤት አልመጣልኝም ነበር። ድርጅቱ ከኦሎምፒያ ወደ ውስጥ በሚያስገባው ኮረኮንች መንገድ ላይ ቪላ ተከራይቶ ይሠራ ነበር። በሩን የከፈቱልኝ ጥበቃው ጋሽ ቶላ የቅጥር ደብዳቤዬን ተቀብለው ከፊትም ከኋላም አገላብጠው አዩና፣ «መዝገብ ቤት ነሽ? እንግዲያው ሻሽ ግዢ» አሉኝ።

«ለምን?» አልኳቸው።

«እዚያ የገባ ሰው ሳያረጅ ነው የሚሸብተው። አቧራው ነው የሚያሸብተው» ብለው ሳቁ።

የእኔ የሥራ መደብ ጀማሪ የመዝገብ ሠራተኛ ይባላል። ከእኔ በላይ የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ እትዬ ዘውዲቱ አሉ። ከእሳቸው በላይ የአስተዳደር ኃላፊው አቶ ሀብቶም፣ ከእሳቸው በላይ ደግሞ በየሁለት በየሦስት ዓመቱ የሚለዋወጥ የውጭ አገር ዳይሬክተር ነበር። ዳይሬክተሮቹ ስማችንን ለምደው ሳይጨርሱ ይሄዱ ስለነበር፣ ቤቱን የሚያውቁት እትዬ ዘውዲቱና አቶ ሀብቶም ነበሩ።

እትዬ ዘውዲቱ መጀመሪያ ያሳዩኝ የእጅ መታጠቢያውን ነው። «ወረቀት ከመንካትሽ በፊት ታጠቢ፣ ከነካሽም በኋላ ታጠቢ» አሉኝ። «የፊተኛው ለወረቀቱ ነው፤ የኋለኛው ለራስሽ።» ከዚያ አንድ ክምር ፋይል ሰጥተው ስፒልና መርፌ ቁልፉን ሁሉ እንድነቅል አዘዙኝ። ብረት ይዝጋል፤ ዝገት ወረቀት ይበላል። በቀለም ብሩሽ አቧራውን ማራገፍ፣ በየመሳቢያው ናፍታሌን ማስቀመጥ፣ የወጣ ፋይል ቦታ ላይ የወሰደውን ሰው ስም የያዘ ካርቶን መተካት፤ የመጀመሪያው ዓመት ትምህርቴ ይኸው ነበር። ደስ እንዲላቸው ስለምፈልግ የነገሩኝን ሁሉ ማታ ቤቴ ገብቼ እደግመው ነበር።

ዋናው ነገር ግን ቪላው ውስጥ አልነበረም። ከጀርባ ባለው ሰርቪስ ቤት፣ በብረት መሳቢያዎች ውስጥ፣ የልጆቹ ካርዶች ነበሩ።

በሰባ ሰባቱ ረሃብ ጊዜ ድርጅቱ ወሎ ውስጥ መጠለያ ከፍቶ ነበር። እዚያ ለገባ እያንዳንዱ ሕፃን አንድ ካርድ ይወጣለት ነበር። ካርዱ የታተመው ውጭ አገር ነው። ፊቱ ላይ በእንግሊዝኛ የስም፣ የዕድሜ፣ የክብደት፣ የክንድ ዙሪያ ልክና የክትባት ቦታ አለው። ጀርባው ባዶ ነው። ካርዱን ያዘጋጁት ሰዎች ልጁ ከእናቱ ጋር መጥቶ፣ ሲሻለው ከእናቱ ጋር ይወጣል ብለው አስበው ይሆናል። ልጁ ወዴት እንደሄደ የሚጻፍበት ቦታ አላደረጉለትም።

መዝጋቢዎቹ ቦታ ሲያጡ ጀርባው ላይ በአማርኛ መጻፍ ጀመሩ። «ከአያቱ ጋር ወደ ቆቦ ሄደ።» «እናቷ ሞታለች፤ አክስቷ ፋጡማ ወሰደቻት።» «በቀይዋ መኪና ወደ ሆስፒታል ተላከ፤ ተከታይ ሰው የለውም።» ከዚያ ፊቱን መልሰው ከታች በእስክሪብቶ «ጀርባውን ይመልከቱ» ይላሉ። ማንም አላዘዛቸውም። አንዷ ጀመረችው፣ ሌሎቹ ተከተሏት፣ የቤቱ ልማድ ሆነ።

እትዬ ዘውዲቱ ከእነዚያ መዝጋቢዎች አንዷ ነበሩ። ስለ መጠለያው ግን አያወሩም። አንድ ጊዜ ብቻ ስጠይቃቸው፣ «ያኔ እንደ አንቺ ልጅ ነበርኩ፤ ጽሕፈቴ ጥሩ ስለነበረ ጠረጴዛ ሰጡኝ» ብለው ወደ ሥራቸው ተመለሱ።

ዘመድ ፍለጋ የሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ከወሎ ሰፈር ነበሩ። በእግር ቅርብ ነው። ሱቅ ያላቸው፣ መኪና የሚያጥቡ፣ ረዳት ሆነው የሚሠሩ። አሠራራችን አይለወጥም፦ የልጁን ስም፣ የአባቱን ስም፣ የገባበትን ጊዜ እንጠይቃለን፤ መሳቢያውን እንስባለን፤ ካርዱን እናወጣለን፤ ወዲያው እንገለብጠዋለን። ፊቱን የሚያነብ አልነበረም። የልጅ ክብደት ለማን ይጠቅማል?

አንድ የጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ የእህቱን ልጅ ጉዳይ ይዞ መጣ። ጀርባው ላይ «ከወይዘሮ ይርገዱ ጋር ወደ ወልዲያ» ይላል። ከሁለት ወር በኋላ ልጅቱን ይዟት መጣ፤ የስምንተኛ ክፍል ተማሪ ሆናለች። ጋሽ ቶላ በሩ ላይ፣ «ወረቀት ሰው ሲወልድ ዛሬ አየሁ» አሉ። እትዬ ዘውዲቱ ልጅቱን ስመው ወደ ሰርቪስ ቤቱ ገቡና ቶሎ አልወጡም። እኔ የምሠራው ሥራ ምን እንደሆነ የገባኝ ያን ቀን ነው።

በ1987 ዓ.ም. ዋናው መሥሪያ ቤት የማይክሮፊልም ካሜራ ላከልን። የሰርቪስ ቤቱ ጣራ ያፈስ ነበር፤ ምስጥም ጀምሮታል። ካርዶቹ ፎቶ ተነስተው አንድ ቅጂ እዚህ፣ አንድ ቅጂ ውጭ እንዲቀመጥ ተወሰነ። ሐሳቡ መልካም ነበር። የመጣልን ፊልም ግን ለካርዶቹ ፊት ብቻ እንጂ ለፊትም ለጀርባም አይበቃም።

እትዬ ዘውዲቱ ካሜራውን ያንቀሳቅሳሉ፤ እኔ ካርድ አቀብላለሁ፤ የተነሳውን ተቀብዬ እደረድራለሁ። በመጀመሪያው ቀን አንዱን ስደረድር ጀርባው በጽሑፍ ጥቅጥቅ ብሎ አየሁት።

«እትዬ ዘውዲቱ፣ ጀርባውስ?»

«ጀርባውን ካነሳን ግማሹ ልጅ ሳይነሳ ይቀራል። ቢያንስ እያንዳንዱ ልጅ ስሙ ይኑር።»

«ጀርባው ግን...»

«ጀርባው ወረቀቱ ላይ አለ። ወረቀቱ የት ይሄዳል?»

ልክ ነበሩ። ዛሬም እሳቸው ቦታ ብሆን ሌላ መልስ የምሰጥ አይመስለኝም። ፊልሙ መጠባበቂያ ነበር፤ ወረቀቱ ነው ዋናው። በክረምቱ ካሜራው ሥራውን ጨረሰ፤ ካርዶቹም ከሚያፈሰው ሰርቪስ ቤት ወጥተው ገርጂ ወደተከራየነው መጋዘን ተወሰዱ።

በዓመቱ የዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። ድርጅቱ ከዕርዳታ ወደ ልማት ሥራ እየዞረ ነው፤ የመጋዘኑ ኪራይ አይታደስም፤ ካርዶቹ በፊልም ስላሉ ወረቀቱ ይወገድ፤ የሰዎች ጉዳይ ስለሆነም ለማንም ሳይሰጥ ይቃጠል ይላል። አቶ ሀብቶም ደብዳቤውን ይዘው ራሳቸው መዝገብ ቤት መጡ። ጨዋ ሰው ናቸው፤ ክፉ ወሬ በሌላ ሰው አይልኩም።

እትዬ ዘውዲቱ አንብበው፣ «ጀርባቸው አልተነሳም እኮ» አሉ።

«የቱ ጀርባ?»

እትዬ ዘውዲቱ መዝገብ ቤቱ ቀርቶ የነበረ አንድ ካርድ አውጥተው ገለበጡላቸው። አቶ ሀብቶም መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ሰቅለው አነበቡና ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ለምን እንዲህ ብለው አልጻፉልኝም፣ ወይዘሮ ዘውዲቱ?»

«ወረቀቱን ታቃጥላላችሁ ብዬ መች አሰብኩ።»

አቶ ሀብቶም በዚያው ቀን ጻፉ። መልሱ ብዙ አልቆየም። ዋናው መሥሪያ ቤት የካርዱን ናሙና ከራሱ ፋይል አውጥቶ፣ ማንም ያልጻፈበትን አዲስ ካርድ፣ ከደብዳቤው ጋር አያይዞ ልኮ ነበር። ቅጹ ባለ አንድ ገጽ መሆኑን እንድናረጋግጥ ይጠይቃል። ጀርባው ነጭ ነበር። አቶ ሀብቶም ነጩን ካርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እንደገና ልጽፍ እችላለሁ» አሉ በመጨረሻ፤ «ግን መልሱ እስኪመጣ የመጋዘኑ ባለቤት አይጠብቀንም። ኪራዩ የሚያልቀው በወሩ መጨረሻ ነው። እስከዚያ በእጃችሁ መገልበጥ የምትችሉትን ገልብጡ። መኪና እሰጣችኋለሁ።»

በየቀኑ ገርጂ እየሄድን በመጋዘኑ ደጃፍ ብርሃን ተቀምጠን የካርዶቹን ጀርባ ደብተር ላይ ገለበጥን። አውሮፕላን ሲያልፍ የመጋዘኑ ቆርቆሮ እስከ መሠረቱ ይንቀጠቀጣል፤ እጃችን ግን አይቆምም። የጀመርነው ከመጀመሪያው መሳቢያ ነው። ሥራ የሚጀመረው ከመጀመሪያው ነው፤ ሌላ አላሰብንም። ገፍተን ከሄድን በኋላ ግን እትዬ ዘውዲቱ እስክሪብቶ የያዘ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አሳረፉ።

«ትዕግሥት» ብለው በስሜ ጠሩኝ፣ «የምንገለብጠውን እያየሽ ነው?»

አየሁት። «ተሽሎት ከእናቱ ጋር ወጣ።» «ተሽሏት ከእናቷ ጋር ወጣች።» ገጽ ሙሉ ያው ነው። በመጀመሪያ ወደ መጠለያው የገቡት ቤተሰባቸው ገና ያልተበተነባቸው ነበሩ። ተከታይ ያጡት፣ በየመኪናው የተላኩት፣ የሚፈለጉት ልጆች የመጨረሻዎቹ መሳቢያዎች ውስጥ ናቸው። ዞረን ከኋላ ጀመርን። ከኋላ ትንሽ እንደሄድን ወሩ አለቀ።

ካርዶቹ የተቃጠሉት ከመጋዘኑ ጀርባ ለሁለት በተከፈለ በርሜል ውስጥ ነው። ካርዱ ወፍራም ስለሆነ ቶሎ አይነድም፤ በብረት እየገለበጡ ነበር የሚያነዱት። እትዬ ዘውዲቱ እንደ ኃላፊነታቸው እስከ መጨረሻው ቆመው አዩ። ከዚያ በማስወገጃው ሰነድ ላይ ፈረሙ። መኪና ውስጥ፣ «ወረቀቱ የት ይሄዳል ብዬ ነበር» አሉ።

እትዬ ዘይነባ የመጡት ከዚያ በኋላ ነው፤ ጥቅምት 1989 ዓ.ም.፣ በአርብ ቀን። ወንድማቸው ወሎ ሰፈር ሱቅ አለው። አርብ ለስግደት ሱቁን ሲዘጋ ነው ይዟቸው የመጣው። ቀጭን ሴት ናቸው፤ ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር አጥብቀው አስረዋል።

እትዬ ዘውዲቱ ወንበር ሰጥተው፣ «ማንን ነው የሚፈልጉ?» አሏቸው።

«ኧረ አንቺ በይኝ እቴ፣ እኩያሽ ነኝ። ልጄን ነው። ሰይድ ይማም። እመጠለያው ውስጥ የደከሙት ልጆች ድንኳን አስገብተውት ነበር። እኔን ሰፈራ ብለው በመኪና ጭነው ኢሉባቦር ወሰዱኝ። ልጄ አለ ብላቸው ማን ሰማኝ። መንግሥት ሲለወጥ አገሬ ተመለስኩ። ይመጣል ብዬ ደጅ ደጁን አየሁ። በኋላ ወንድሜ እንዲህ ያለ ቢሮ አለ ቢለኝ መጣሁ።»

መጀመሪያ የካርዶቹን ጀርባ የገለበጥንበትን ደብተር አየን፤ ስሙ የለበትም። ፊልሙን ማንበቢያው ላይ ያደረግኩት እኔ ነኝ። የካርዱን ቁጥር ከስም ዝርዝሩ ፈልጌ እያዞርኩ ሳለ ካርዱ መስታወቱ ላይ ወጣ። ሰይድ ይማም። ዕድሜ አራት። የክንዱ ልክ በጣም ቀጭን። ሁሉም በእንግሊዝኛ። ከታች በአማርኛ «ጀርባውን ይመልከቱ» ይላል።

ከኋላዬ የቆሙት እትዬ ዘውዲቱ የወንበሬን መደገፊያ ያዙ።

«የእኔ እጅ ነው» አሉ።

እትዬ ዘይነባ ወደ መስታወቱ ጠጋ ብለው፣ «እሱ ነው? ምን ይላል?» አሉ።

ልማዳችን ለጠያቂ ቅጂ መስጠት ስለነበር ማሽኑ ላይ አትሜ ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም። የቱ የልጃቸው ስም እንደሆነ በጣቴ አሳየኋቸው፤ ዳሰሱት። ከታች በእስክሪብቶ የተጻፈው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። የምዋሸው ነገር አልነበረኝም።

«ጀርባውን ይመልከቱ ነው የሚለው» አልኩ።

እትዬ ዘይነባ ወረቀቱን ገለበጡት። ነጭ ነው። ወደ ፊቱ መለሱት። እንደገና ገለበጡት። ከዚያ ወደ እኔ አዩ።

ያስረዳኋቸው እንደሆነ አላውቅም። ስለ ካሜራ፣ ስለ ፊልም፣ ስለ መጋዘን ተናገርኩ። ሲያዳምጡኝ ቆይተው ወደ እትዬ ዘውዲቱ ዞሩ። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?»

«እኔ ነኝ።»

«እንግዲያ አብሽሪ። ወረቀቱ ቢነድ አንቺ አለሽ። አስታውሺው።»

ከዚያ ወዲያ በየአርቡ መጡ። እትዬ ዘውዲቱ ቀጠሮ አልሰጧቸውም፤ አትምጪም አላሏቸውም። ወንድማቸው ወደ መስጊድ ሲሄድ እሳቸው ወደኛ ይመጣሉ፤ ከጠረጴዛው ማዶ ይቀመጣሉ፤ እትዬ ዘውዲቱን እንዲያስታውሱ ይጎተጉቷቸዋል።

«ቀይ ነው። ግንባሩ ላይ ጠባሳ አለው፤ በአንድ ዓመቱ እሳት ዳር ወድቆ።»

«ስንት ልጅ ነው ያየሁት፣ ዘይነባ።»

«የኔን አንዴ አይተሽዋል። አንዴ ይበቃል።»

«ይቅር በይኝ፣ አልመጣልኝም።»

«ጠረጴዛሽ የት ነበር? እድንኳኑ በር ላይ?»

«በር ላይ ነበር።»

«ንፋስ ነበር?»

«አቤት! ወረቀቱን በድንጋይ ነበር የምንይዘው።»

«ይኸውልሽ፣ መጣልሽ እኮ!» ይላሉ እትዬ ዘይነባ፣ ፊታቸው እየበራ። «ንፋሱ ከመጣ ልጁም ይመጣል።»

እንዲህ እየተባለ ስለ መጠለያው ያላወሩት ሁሉ ከእትዬ ዘውዲቱ ወጣ። የድንኳኖቹ ሽታ፣ የሟቾች መገነዣ ማለቁ፣ ሌሊት የሚያስለው ሰው ብዛት። ሰይድ ብቻ አይወጣም። የእትዬ ዘውዲቱ ሰውነት ከሳ። አርብ ከሰዓት በኋላ በተሳሳተ መሳቢያ ይከቱ ስለነበር ፋይል አልሰጣቸውም ነበር።

አንድ አርብ እትዬ ዘይነባ፣ «ጣሳ ነበረው፤ ሲተኛም አይለቃትም» አሉ።

እትዬ ዘውዲቱ ቀና አሉ። «ጣሳ የያዘ ልጅ... ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና ላይ ያወጡት። ጣሳዋን ሊቀበሉት ሲሉ አለቀሰ። ተዉት አልኩ። አዎ። ደሴ ነው።»

እትዬ ዘይነባ ተነስተው እግራቸው ላይ ሊወድቁ ሲሉ ጎትተን አነሳናቸው። በሚቀጥለው ቀን አውቶቡስ ተሳፈሩ።

ሲመለሱ ጾመኛ መስለው ነበር። ደሴ ሆስፒታልም፣ የሕፃናት ማሳደጊያውም፣ ያንን ስም አያውቁም። የጠየቁትን በር ሁሉ አንድ በአንድ ነገሩን። ሲጨርሱ፣ «እቴ፣ እውነት አስታውሰሽ ነው ወይስ አዝነሽልኝ ነው?» አሉ።

እትዬ ዘውዲቱ ብዙ አሰቡ። «አሁን ራሴም አላውቅም» አሉ። «ዘይነባ፣ እዚያ የነበረ ልጅ ሁሉ ጣሳ ነበረው።»

እትዬ ዘይነባ አልተቆጡም። በሚቀጥለው አርብ ግን ሲመጡ አስታውሺ አላሏቸውም። ወንበራቸው ላይ ተቀመጡ። ሻይ አመጣሁላቸው፤ ጠጥተው ሄዱ።

በግንቦት ድርጅቱ ኢትዮጵያ ውስጥ ያለውን ቢሮ እንደሚዘጋ ተነገረን። የፊልሙ ቅጂዎች ሁሉ ወደ ዋናው መሥሪያ ቤት ይላኩ ተባለ። ሳጥኑን ስናሽግ አርብ ነበር፤ እትዬ ዘይነባ ከወንበራቸው ሆነው ያያሉ።

«ይኼስ የት ይሄዳል?»

«ውጭ አገር» አሉ እትዬ ዘውዲቱ።

እትዬ ዘይነባ ከጉያቸው የልጃቸውን ቅጂ አወጡ። ታጥፎ ታጥፎ መታጠፊያው ሳስቷል። ገልብጠው ነጩን ጎን ወደ ላይ አድርገው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት።

«እዚህ ጻፊልኝ። እናቱ መጥታ ነበር በይ። በሕይወት አለች፤ ወሎ ሰፈር ወንድሟ ጋ ትገኛለች በይ። አንድ ቀን ማን ነኝ ብሎ ከጠየቀ እዚያ ነው የሚጠይቅ።»

«ይሄ ቅጂ ለእርስዎ ይቅር፤ ሌላ ላትምና እሱ ላይ ይጻፍ» አልኩ።

«እኔ ማንበብ አልችልም ልጄ። እሱ ግን ተምሮ ይሆናል።»

እትዬ ዘውዲቱ ጻፉ። በዚያው በጥሩ ጽሕፈታቸው፣ እየተነገራቸው ጻፉ። ከዚያ ፊቱን መለሱትና የቀድሞውን «ጀርባውን ይመልከቱ» አዩት፤ መጨመር አላስፈለገም። አቶ ሀብቶም የጭነቱ ዝርዝር ላይ ፊልም ብቻ እንዳለ ያውቃሉ። ወረቀቱ ሳጥኑ ውስጥ ሲገባ አይተው ወደ መስኮቱ ዞሩ። ሳጥኑን ቸነከርነው።

በሰኔ መጨረሻ፣ ዕቃው ሁሉ ወጥቶ አንድ ጠረጴዛና የፋክስ ማሽኑ ብቻ ሲቀሩ፣ የማረጋገጫ ፋክስ መጣ። አቶ ሀብቶም አንብበው ለእትዬ ዘውዲቱ ሰጧቸው፤ እሳቸውም ለእኔ። ፊልሞቹ በሙሉ በመልካም ሁኔታ ደርሰዋል ይላል። በሳጥኑ ውስጥ የተገኘው አንድ የወረቀት ቅጂ በፊልሙ ላይ ያለ መሆኑ ስለተረጋገጠ ተወግዷል።

ያን ዕለት አርብ ነበር። ዝናብ ይጥላል። እትዬ ዘይነባ ጃንጥላ ይዘው መጡ፤ ባዶውን ቤት አይተው በሩ ላይ ቆሙ።

«ደረሰ?» አሉ።

እትዬ ዘውዲቱ ፋክሱን አጥፈው በእጃቸው ይዘውት ነበር።

«ደርሷል» አሉ።

«ሁሉም?»

«ሁሉም ደርሷል።»

«አልሐምዱሊላህ» አሉ እትዬ ዘይነባ። ሁለታችንንም አቀፉን፤ ጋሽ ቶላንም መረቋቸው። ጃንጥላቸውን ዘርግተው በኮረኮንቹ ላይ ውኃውን እየዘለሉ ወደ ወሎ ሰፈር አቅጣጫ ሄዱ። እትዬ ዘውዲቱ እስኪሰወሩ ድረስ ከበሩ አልገቡም። ከገቡ በኋላም ወንበር ስለሌለ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ።

መምህራችን በመጨረሻ ለጀማሪዎች የሚሆን ነገር ጻፉ ብለውናል። እኔ ያለኝ ይህ ነው። ማንኛውም ወረቀት ፎቶ ከመነሳቱ በፊት ይገለበጣል። ጀርባው ተጽፎበት ከሆነ ይነሳል፤ ባዶ ከሆነም ባዶነቱ ይነሳል። ፊልም ካለቀ ሥራው ይቆማል።

ቢሮው የተዘጋው ሰኔ 27 ቀን 1989 ዓ.ም. ነው።